ስለ «ጨዋ» እና «ጨዋነት»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰውን ከምናመሰግንባቸው የአማርኛ ቃላት መካከል እንደ «ጨዋ» ብዙ ሥራ የተሸከመ ጥቂት ነው። ለሕፃን ይነገራል፣ ለሽማግሌ ይነገራል፣ ለኳስ ተጫዋች ይነገራል፣ አንዳንዴም ለአንድ ሕዝብ በጅምላ ይነገራል። ይሁን እንጂ ቃሉን የሚጠቀሙበት ሁሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለምና፣ ስለ ትርጉሙ፣ ስለ አመጣጡና ስለ አጠቃቀሙ በብዛት የሚነሡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

«ጨዋ» ማለት ምን ማለት ነው?

በዛሬው አማርኛ ጨዋ የሚባለው አንደበቱ የታረመ፣ እጁ የተሰበሰበ፣ ትልቁንም ትንሹንም በክብሩ የሚይዝ ሰው ነው። ቃሉን ከሌሎቹ የምስጋና ቃላት ለይቶ የሚያሳውቀው ግን ጨዋነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሰው ማድረግ እየቻለ በተወው ነገር ላይ መሆኑ ነው። መሳደብ እየቻለ ያልተሳደበ፣ ማዋረድ እየቻለ ያላዋረደ፣ የሰማውን ገመና ማውራት እየቻለ በሆዱ የያዘ ሰው ጨዋ ይባላል።

አንድ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ለሰዓታት ተሰልፎ ቆይቶ ተራው ሲደርስ፣ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ትለዋለች እንበል። ሰውየው የመቆጣት መብት አለው፤ ከኋላው የተሰለፉትም ቢቆጣ ደስ ይላቸዋል። እርሱ ግን ድምፁን ሳይለውጥ «ነገ በስንት ሰዓት ብመጣ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ሰምቶ ይሄዳል። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «ጨዋ ሰው ነው» ይላል። ለማንም ምንም አልሰጠም፣ ማንንም አላዳነም፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ንዴቱን ምናልባት ምንም ባልበደለችው ሠራተኛ ላይ አላራገፈም። ቃሉ የሚይዘው ይህንን ነው። ሠራተኛዋም በበኩሏ ቀና ብላ፣ ችግሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረድታ፣ «ስላቆየናችሁ ይቅርታ» ብትል ኖሮ ያው ቃል ለእርሷም በተገባት ነበር፤ ጨዋነት ከመስኮቱ በአንደኛው ወገን ብቻ የሚጠየቅ ግብር አይደለምና።

ቃሉ ከየት መጣ?

በብዛት ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ቃሉን ከግዕዙ «ፄወወ» ጋር ያያይዘዋል። ፄወወ ማረከ ማለት ነው፤ «ፄዋ» ደግሞ ምርኮ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም የእስራኤልን ወደ ባቢሎን መማረክ «ፄዋዌ» ይሉታል። በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት በየአውራጃውና በየጠረፉ የሚያሰፍሯቸው ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር፤ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕልም በዚህ ስም ያነሣቸዋል። ስሙ የወጣላቸው መጀመሪያ በጦርነት ከተማረኩ ሰዎች ይመለመሉ ስለነበረ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በኋላ ግን ተማርኮ የመጣውም በፈቃዱ የገባውም፣ የንጉሥ ጭፍራ እስከሆነ ድረስ፣ በአንድ ስም ይጠራ ጀመር።

እነዚህ ጭፍሮች በሰፈሩበት ምድር ከገበሬው ግብር እየበሉ የሚኖሩ፣ መሣሪያ የታጠቁ፣ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ የሆኑ ሰዎች ስለነበሩ፣ ከትውልድ በኋላ ስማቸው የማዕረግ ስም ሆነ። ጨዋ ማለት ነፃ ሰው፣ ባለ ወገን፣ አባቱ የሚታወቅ ማለት ሆነ፤ በተቃራኒው የሚቆመውም «ባሪያ» የሚለው ቃል ነበረ። ምርኮኛን ያመለክት የነበረ ቃል ዞሮ ዞሮ የባሪያ ተቃራኒ ሆኖ መገኘቱ በቃላት ታሪክ ውስጥ እንኳ በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከታወቀ ቤት የተወለደ ሰው አነጋገርን፣ አበላልን፣ አለባበስንና ከሰው ፊት አቋቋምን እየተቀጣ ያድጋል ተብሎ ይጠበቅ ነበርና፣ የትውልዱ ስም የጠባዩ ስም ሆኖ ቀረ።

«ጨዋ» ከ«ጨው» ጋር ይዛመዳል?

«ጨዋ ሰው እንደ ጨው ኑሮን ያጣፍጣል» የሚል ማብራሪያ በየመድረኩ ይሰማል። ለስብከት ያምራል፤ ለቃሉ ታሪክ ግን ማስረጃ አይሆንም። ጨው ከግዕዙ «ጼው» የመጣ ሲሆን ጨዋ ከ«ፄዋ» የመጣ ነው። ሁለቱ በአማርኛ የተመሳሰሉት የግዕዙ ጸ እና ፀ በአንዳንድ ቃላት ወደ ጨ ስለተለወጡ ነው፤ «ዕፅ» እንጨት የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ ምክንያት «ጨዋማ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ጨዋማ ጨው የበዛበት ማለት ነው እንጂ ጨዋነት ያለው ማለት አይደለም፤ ጨዋማ ውኃ እንላለን፣ ጨዋማ አፈር እንላለን፣ ጨዋማ ጠባይ ግን አንልም። «ጨዋታ» ደግሞ ከሁለቱም የማይገናኝ ሦስተኛ ቃል ነው፤ ምንጩ «ተጫወተ» የሚለው ግስ ሲሆን ፊደሉ ት የግሱ የራሱ አካል ነው። ጨዋ ሰው ጨዋታ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ቃላቱ ግን ዘመዳሞች አይደሉም።

«ጨዋ» ያልተማረ ማለትም ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዎን፣ እውነት ነው። በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጨዋ የሚባለው ክህነት የሌለው፣ ከቅኔውም ከዜማውም ያልገባ ምእመን ነው። ከዚህም ተነሥቶ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጨዋ ይባል ነበር። ደብዳቤ የደረሰው ሽማግሌ «እኔ ጨዋ ነኝ፣ አንብብልኝ ልጄ» ሲል ማንበብ አልችልም ማለቱ እንጂ ራሱን ማወደሱ አልነበረም። የትርጉሙ መነሻ ለመገመት አያስቸግርም፤ ጨዋ የጦርና የርስት ሰው ነበርና፣ መጽሐፉ የካህኑ ድርሻ ሆኖ ሳለ እርሱ ሌላውን ድርሻ ይዞ የቀረ ወገን ነው።

ይህ ትርጉም በከተማ ወጣቶች አፍ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የቆየ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን ሊዘነጋው አይገባም፤ «ሊቁም ጨዋውም ተሰበሰበ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያጋጥመው፣ የተማረውና ያልተማረው መጣ ለማለት ነው እንጂ ሊቃውንቱ ጠባየ ብልሹ ናቸው ለማለት አይደለም።

«የጨዋ ልጅ» ማለት ሙገሳ ነው ወይስ የዘር መለያ?

ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየውም ተናጋሪው፣ ቦታውና ጉዳዩ ነው። ጎረቤት የታዘዘውን በደስታ ሠርቶ ያመጣን ልጅ «የጨዋ ልጅ!» ብሎ ሲመርቅ፣ «ደግ አድርገው አሳድገውሃል» ማለቱ ነው፤ ምስጋናው ከልጁ አልፎ ለወላጆቹ ይደርሳል። ጋብቻ ሲታሰብ፣ ሽማግሌዎች «የማን ልጅ ነው?» እያሉ ሲያጠያይቁና «የጨዋ ልጅ ነው» የሚል መልስ ሲሰጣቸው ግን ቃሉ አሮጌ ልብሱን ይለብሳል። እዚህ ላይ የሚመረመረው የልጁ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በአያት ቅድመ አያቱ ባሪያ አለ ወይስ የለም፣ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ይህንን ሳያድበሰብሱ መናገር ይገባል። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ቀድሞ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውንና ሌላውንም ሠራተኛ በእጁ ሥራ ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዘዋል፤ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ይመሰክራል። ሕጉ ተለውጦ ሳለ ቃሉ ውስጥ የቀረው ዝቃጭ እስከ ዛሬ በየሳሎኑ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጽሑፍ አቋም «ጨዋ» ለሠሩት ሥራና ለያዙት ጠባይ ሲነገር ሙሉ ቃል ነው፤ ለአጥንት መቁጠሪያ ሲነገር ግን የተናጋሪውን ጨዋነት ራሱን ጥያቄ ውስጥ ይጥላል። በግልጽ ለመናገር የሚፈልግ ሰው «ጥሩ አስተዳደግ ያለው» ወይም «ጠባየ መልካም» ቢል ከአሻሚነቱ ይድናል።

ጨዋነት ከደግነት፣ ከቸርነትና ከትሕትና በምን ይለያል?

ቃላቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ቢሆንም ልዩነታቸው እውነተኛ ነው።

ደግነት የልብ ነው። ደግ ሰው የሌላው ችግር ይሰማዋል፣ ከተሰማውም ዝም አይልም። አነጋገሩ ሻካራ፣ ቁጣው ፈጣን የሆነ ደግ ሰው ሞልቷል፤ እየተቆጣ ገንዘቡን የሚሰጥ፣ እየተሳደበ ታማሚ የሚያስታምም። እንዲህ ያለውን ሰው «ደግ ነው፣ አፉ ነው እንጂ» እንለዋለን፤ «ጨዋ ነው፣ አፉ ነው እንጂ» ግን ማንም አይልም፤ ጨዋነት ከአፍ ተለይቶ አይቆምምና። «ደግ» የሚለው ቃል ከሰው ውጭም ሰፊ አገልግሎት አለው፤ «ደግ አደረግህ»፣ «ደግ ዘመን» እንላለን፤ ሰዎቹ ሲበዙም «ደጋግ» ይሆናሉ።

ቸርነት የእጅ ነው። ግሱ «ቸረ» ሰጠ ማለት ነውና ቸር ሰው ያለውን የማይሰስት ነው። ከዚህም አልፎ ቃሉ በጎ ነገርን ሁሉ ይጠራል፤ «ቸር ያሰማን»፣ «ቸር ይግጠመን»፣ «ቸር እንሰንብት» የምንለው ለዚህ ነው።

ትሕትና ደግሞ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ቦታ ነው። የቃሉ ሥር በግዕዝ ዝቅ ማለት ሲሆን «ታሕት» ማለትም ታች ከዚያው ይመጣል። ትሑት ሰው ራሱን ከሌላው አያስበልጥም። ጨዋ ሰው ግን ትሑት ላይሆን ይችላል፤ በውስጡ የሚኮራ፣ ማንነቱን የሚያውቅ፣ የሚናቅበትን ቦታ ረግጦ የሚወጣ፣ ሲወጣም በሩን ሳያላትም የሚወጣ ጨዋ አለ። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ጨዋ የሚሆነው ከኩራቱ የተነሣ ነው፤ መሳደብን ለራሱ ክብር የማይመጥን አድርጎ ስለሚያየው። ደግነቱም ትሕትናውም ያልሞላለት ሰው ጨዋነትን ሊይዝ መቻሉ የቃሉ ድክመት አይመስለንም። ልብን ማዘዝ ያስቸግራል፤ አንደበትን ግን ማዘዝ ይቻላል፤ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር አብረን ውለን እንድናድር የሚያስችለንም በአብዛኛው ይህ የሚቻለው ነገር ነው።

ዝምተኛ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው?

አይደለም፤ ምናልባት በአጠቃቀም ረገድ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። ንግግር የማያበዛ፣ ራሱን የሰበሰበ ሰው «ጭምት» ይባላል። ከሰው ፊት የሚያፍር «ዓይናፋር» ነው። ሁለቱም የተፈጥሮ ጠባዮች ናቸው እንጂ ሰው መርጦ የያዛቸው ሥርዓቶች አይደሉም። ጨዋነት ግን ምርጫ ያለበት ነው። ሳቂታውና ተጫዋቹ፣ ወሬ አዋቂው፣ ሰብሰብ ባለ ቦታ ሁሉ ድምፁ የሚሰማው ሰው ፍጹም ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ቀልዱ የማንንም ጉድለት መረማመጃ ካላደረገ።

በተቃራኒው «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተተረተም። ከአንገት በላይ የሆነ ፈገግታ፣ አለቃ ሲመጣ ጎንበስ ቀና ማለት፣ ለባለሥልጣን ማሽቃበጥ ከሩቅ ሲታዩ ጨዋነት ይመስላሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ያ ሰው ለዘበኛው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለአስተናጋጁ እንዴት እንደሚናገር መስማት ይበቃል። ለአለቃው «እርስዎ» እያለ አስተናጋጁን በጭብጨባ የሚጠራ ሰው ጥቅሙን ያውቃል እንጂ ጨዋ አይደለም።

«አንቱ» ማለት ጨዋነት ነው? «አንተ» ማለትስ ነውር ነው?

አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ አስገብቶ የሚናገር ቋንቋ ስለሆነ፣ ተናጋሪው ሳይመርጥ ማለፍ አይችልም፤ «መጣህ»፣ «መጣሽ» ወይም «መጡ» ከማለት በፊት የሚያናግረውን ሰው ቦታ መወሰን አለበት። ለማያውቁት አዋቂ ሰው፣ ለሽማግሌ፣ ለአማትና ለካህን በ«እርስዎ» ወይም በ«አንቱ» መጀመር የተለመደ ነው። «አንተ በለኝ» የሚለውን ፈቃድ የሚሰጠው ተከባሪው ነው እንጂ አክባሪው ራሱ አይወስደውም። በሌለበትም ስለ እርሱ ሲወራ «እሳቸው» ማለት ይገባል፤ ፊት ለፊት «አንቱ» ብሎ ዞር ሲል «እሱ ሰውዬ» የሚል ሰው ሁለተኛው ቃሉ የመጀመሪያውን ያፈርስበታል።

ነገር ግን ተውላጠ ስሙ ብቻውን ጨዋነትን አይሠራም። «እርስዎ ደግሞ መቼ ያውቃሉ!» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ሙሉ አክብሮት፣ በመንፈስ ግን ሙሉ ስድብ ነው። እናት ልጇን፣ ባልንጀራም ባልንጀራውን «አንተ» ቢል የፍቅር ቃል ነው፤ እንዲያውም የቆዩ ጓደኛሞች ድንገት ወደ «እርስዎ» ከተሻገሩ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለት፣ የሚሰጡትን በሁለት እጅ መቀበል፣ ስለማያስደስት ነገር ሲናገሩ «ከእርስዎ ያርቀውና» ብሎ መቅደም ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ከልብ ሲደረጉ ለዛ አላቸው፣ ሳይደረጉ በመቅረታቸው ብቻ ግን፣ በተለይ ሥርዓቱን በማያውቅ እንግዳ ላይ፣ ማንም ባለጌ አይባልም።

ራሴን «ጨዋ ነኝ» ማለት እችላለሁ? በደብዳቤ ላይስ?

በልማድ ጨዋነት ሌላው የሚመሰክረው ነገር ነው። ራሱን ጨዋ የሚል ሰው ወዲያው «ጨዋ ነኝ ባይ» ይሆናል፤ «ባይ» የምትለዋ ትንሽ ቃልም ሙገሳውን ገልብጣ ትመልሰዋለች። «እኔ ጨዋ ስለሆንኩ ነው እንጂ…» ብሎ የሚጀምር ንግግር በአብዛኛው ጨዋነቱ ሊያልቅ ሁለት ቃላት ሲቀሩት የሚነገር ነው።

በማመልከቻና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይም «በጨዋነት እጠይቃለሁ» አይባልም። ጠያቂው «በትሕትና እጠይቃለሁ» ወይም «በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል፤ ራስን ዝቅ ማድረግም ሌላውን ማክበርም ጠያቂው ስለ ራሱ ሊናገራቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸውና። «በጨዋነት» የሚለው የሚስማማው ስለ ሌላ ሰው ሲተረክ ነው፤ «ጥያቄያችንን በጨዋነት አስተናገዱልን» እንደሚባለው። ቅሬታ የሚጽፍ ሰውም ጨዋነቱን የሚያሳየው «ከሰላምታ ጋር» ብሎ በመዝጋት ብቻ አይደለም፤ የሆነውን ነገር ቀንና ቦታ ጠቅሶ፣ የሠራተኛውን ጠባይ ከመዘርጠጥ ይልቅ የተጓደለውን አገልግሎት ለይቶ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው ጨዋም ይሆናል፣ መልስም ለማግኘት የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

«በጨዋ ደንብ» የሚለው አነጋገር ምን ማለት ነው?

ነገርን ሳያበላሹ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የሌላውን ፊት ሳያጠፉ ማለት ነው። ባልና ሚስት በጨዋ ደንብ ተለያዩ ይባላል፤ ሸሪኮች ሒሳባቸውን በጨዋ ደንብ ዘጉ ይባላል። አነጋገሩ ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን ከክፉ ነገር ጋር ሲጣመር ነው፤ «በጨዋ ደንብ ሰደበው»፣ «በጨዋ ደንብ አባረረችው» እንላለን። ለምሳሌ ሁልጊዜ ብድር የሚጠይቅን ሰው «ያለፈውን ስትመልስልኝ ደግሞ እንነጋገራለን» ማለት በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው። መልሱ ፈገግታ አለው፣ ቃሉ ንጹሕ ነው፣ በሩ ግን ተዘግቷል።

«ስፖርታዊ ጨዋነት» ከዚሁ ጋር አንድ ነው?

በመሠረቱ አንድ ነው፣ ወደ ሜዳ ተወስዶ ነው እንጂ። ተጋጣሚው ተጎድቶ ሲወድቅ ኳሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ተጫዋች፣ ጎል የማግባት ዕድሉን በፈቃዱ ይተዋል፤ ከላይ የተባለው ማድረግ እየቻሉ መተው እዚህ በሺዎች ዓይን ፊት ይፈጸማል ማለት ነው። በውድድሮች ፍጻሜ ላይ ለዚህ የሚሰጠው ሽልማት «የጸባይ ዋንጫ» እየተባለ ይጠራል። ደጋፊዎችም በዚሁ ቃል ይጠየቃሉ፤ «ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ድርጊት» የሚለው ሐረግ በስፖርት ዜና ውስጥ በብዛት የሚሰማው ከተጫዋች ይልቅ ስለ መቀመጫ ወንበር ውርወራ ሲነገር ነው።

ለሴት ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል?

መለወጥ አልነበረበትም፤ ግን ይለወጣል። ወንድ ጨዋ ሲባል አነጋገሩና ከሰው ጋር ያለው አያያዝ ይታሰባል፤ ሴት ጨዋ ስትባል ግን ብዙ ጊዜ ልብሷ፣ የምትገባበት ሰዓትና ድምፅዋ ይቆጠራሉ። የደረሰባትን በደል የተናገረች ሴት «ጨዋ ሴት እንዲህ አታወራም» ስትባል ቃሉ ዝም ማሰኛ ይሆናል። ጨዋነት ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱን የሚገታበት ሥርዓት ከሆነ፣ የተበደለው ሰው ስለ በደሉ እንዳይናገር መጠቀሚያ ማድረግ ቃሉን ተገልብጦ መያዝ ነው።

አንድን ሕዝብ «ጨዋ ሕዝብ» ማለት ትክክል ነው?

ሰዋስው አይከለክለውም፤ «ኢትዮጵያዊ ጨዋነት» የሚለውም በንግግሮች ውስጥ የተለመደ ነው። እንግዳ መቀበል፣ ሰላምታ ማብዛት፣ ለሐዘንተኛ መቆም እውነተኛ ልማዶች ናቸውና ሙገሳው መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም ሐረጉ መቼ እንደሚነገር ማስተዋል ይጠቅማል። መብራት በጠፋ፣ ዋጋ በናረ፣ ጥያቄ በበረታ ሰሞን ከመድረክ የሚወርድ «ጨዋው ሕዝባችን» አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ «ዝም በል» የሚለው ቃል በጨዋ ደንብ የቀረበ ነው።

ተቃራኒው ምንድን ነው?

ቀጥተኛ ተቃራኒው «ባለጌ» ነው፤ ነውሩም «ብልግና» ይባላል። አማርኛ እዚህ ላይ ትንሽ ያዳላል፤ ለብልግና «ባለገ» የሚል የራሱ ግስ ሲሰጠው ለጨዋነት ግን ምንም ግስ አልሰጠውም፤ ሰው በአንድ ቃል ይባልጋል፣ ጨዋ ግን «መሆን» አለበት። ባለጌ ከባድ ቃል ስለሆነ በጽሑፍ ሲሆን «ጨዋነት የጎደለው» ብሎ ማለዘብ የተለመደ ነው። አፉን የማይቆጥብ «ለአፉ ለከት የሌለው» ይባላል፤ ሃይ ባይ ያጣ ልጅ «ስድ» ወይም «መረን የለቀቀ» ነው፤ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ደግሞ ጥፋቱን ከልጁ አንሥቶ አሳዳጊው ላይ ያኖረዋል። የሚረብሽን ሰው ለማረም «አደብ ግዛ» ይባላል፤ ይህ ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርድ ቃል ነውና ለእኩያ መናገሩ ራሱ ጠብ ይጭራል።

አጻጻፉና እርባታው እንዴት ነው?

«ጨዋ» ተብሎ በግዕዝ፣ ማለትም በመጀመሪያው ፊደል፣ ጨ ይጻፋል፤ «ጭዋ» የሚለው አጻጻፍ በአንዳንድ ጽሑፎች ያጋጥማል፣ የተለመደው ግን የመጀመሪያው ነው። ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት ነው፤ የታወቀ ሰው ሲሆን «ጨዋው» እና «ጨዋዋ» ይባላል። ሲበዛ «ጨዋዎች» ነው፤ በንግግር ግን «ጨዋ ሰዎች» ይቀናል። የጠባዩ ስም «ጨዋነት»፣ አኳኋኑን የሚገልጸው «በጨዋነት» ነው። «ትሕትና» የሚለውንም በዚሁ አጋጣሚ ለሚጠይቁ፣ ሥሩን የሚከተለው አጻጻፍ በሐመሩ ሐ ነው፤ «ትህትና» ብሎ መጻፍም ዛሬ በሰፊው የተለመደ ነው።